ስለ እጅ ሙያ፣ ስለ ጌጥና ስለ ከተማ ሕንፃ የሚሰጡ ሕዝባዊ ንግግሮች፦ መድረኩን ለማን እንስጥ?

ማዕዘን

ሰላም ቤቶች። ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን ለማንም ሰው ክፍት የሆኑ የምሽት ንግግሮች ለማዘጋጀት እየተሰናዳን ነው። ርዕሱ የእጅ ሙያ፣ የጌጥ ሥራና የከተማ ሕንፃ ነው። አዳራሽ አይቸግረንም። ያልተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ይናገር? ገሚሶቻችን የታወቁ ምሁራን እንጋብዝ ይላሉ። እኔ ግን መድረኩ በመጀመሪያ የሚገባው ለሠሪው ነው ባይ ነኝ።

ለምን እንደዚያ እንደምል ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1887 ለንደን ውስጥ የተወሰኑ ነዳፊዎችና የእጅ ባለሙያዎች ተሰባስበው አርትስ ኤንድ ክራፍትስ ኤግዚቢሽን ሶሳይቲ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። በጊዜው ትልልቆቹ ዐውደ ርእዮች በራቸውን የሚከፍቱት ለሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ ነበር። ወንበር ለሠራ፣ ምንጣፍ ለሸመነ፣ መጽሐፍ ለጠረዘ ሰው ቦታ አልነበራቸውም። ማኅበሩ በ1888 የመጀመሪያውን ዐውደ ርእይ ሲከፍት ሁለት ትልቅ ነገር አደረገ። የነደፈውን ሰው ብቻ ሳይሆን በእጁ የሠራውንም ሰው ስም ካታሎጉ ላይ አሰፈረ። ከዕቃዎቹ ጋር ደግሞ የምሽት ንግግሮችን አዘጋጀ። ነዳፊውና ጸሐፊው ዊልያም ሞሪስ ስለ ሽመና ተናገረ። ኮብደን ሳንደርሰን ስለ መጽሐፍ ጥረዛ፣ ኤመሪ ዎከር ስለ ኅትመት። እያንዳንዱ በእጁ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የ1896ቱ ነው። በአምስተኛው ዐውደ ርእይ ርዕሱን ከዕቃ ወደ ከተማ አሰፉት። አምስት ንግግሮች ነበሩ። ኮብደን ሳንደርሰን ስለ ጥበብና ስለ ሕይወት ከፈተ። አርክቴክቱ ሌታቢ ስለ ውብ ከተሞች ተናገረ። ዋልተር ክሬን ስለ ሕዝብ ሕንፃዎች ማስጌጥ፣ ብሎምፊልድ ስለ አደባባዮችና መናፈሻዎች፣ ሆልሲ ሪካርዶ ደግሞ በከተማ ሕንፃ ላይ ስለ ቀለም። ሞሪስ ያረፈው በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ነው። ያን ታህል ሐዘን ላይ ሆነው እንኳ ሥራውን አላቆሙም።

የበር እጀታና አደባባይ በአንድ ወንበር ላይ ለተቀመጠ አድማጭ በአንድ ሰሞን ሲቀርቡ አስቡት። እጀታው ላይ ጥንቃቄ ማየት የለመደ ሰው መንገዱ ላይም ጥንቃቄ መጠየቁ አይቀርም። የእኛም ተከታታይ ይህን እንዲያደርግ እፈልጋለሁ። እስኪ ሐሳባችሁን አካፍሉኝ።

አናጺው

በርታ ወንድሜ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ሠሪው ይናገር ባልከው እስማማለሁ። ግን ባዶ እጁን አይውጣ! ዕቃውን ይዞ ይምጣ።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። በአሮጌ የእንጨት በሮች ላይ የምናየው አራት ማዕዘን ገበታ ለብዙ ሰው ጌጥ ብቻ ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር እናይበታለን። እንጨት አየሩ ሲረጥብ ወደ ጎን ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። አንድ ሰፊ ጣውላ ዙሪያውን በሙጫና በምስማር ብትይዘው ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል። ስለዚህ አናጺው ጠንካራ ፍሬም ይሠራል። ፍሬሙ ውስጥ ቦይ ያወጣል። ገበታውን ያለ ሙጫ ቦዩ ውስጥ ይከተዋል። ገበታው እንደ ልቡ ይነፋል፣ ይጠባል፤ በሩ ግን መጠኑን አይለቅም። ጠርዙ ላይ የምታየው ተዳፋት የመጣው ገበታው ቦዩ ውስጥ እንዲገባ ዳሩ መሳሳት ስላለበት ነው። ውበቱ ከዚያ ተወለደ።

ይህን በቃል ከምነግርህ አንዱን በር ፈትቼ ብበትንልህ ወዲያው ይገባሃል። አድማጩ በማግሥቱ የሚያየው በር ሁሉ ሌላ በር ይሆንበታል።

የመጽሐፍ ወዳጅ

ማዕዘን የዎከርን ስም ጠቅሶ አለፈ። እኔ ግን እዚያ ላይ ልቆይ፤ አንድ ንግግር ምን ያህል ሊያደርግ እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም።

ቀኑ ኖቬምበር 15 1888 ነው። የዎከር ሙያ የኅትመት ምስል ማዘጋጀት ነበር። በዚያ ምሽት የድሮ ጽሑፎችንና የድሮ ኅትመቶችን ገጽ በፎቶ አንሥቶ፣ በስላይድ ፋኖስ አጉልቶ ሸራ ላይ ጣላቸው። አስቡት፣ እነዚያን ፊደሎች ሰው የሚያውቃቸው በጣት ጥፍር መጠን ነው። አሁን የሰው ቁመት ያህል ሆነው ቆሙ። የቀለሙ ክብደት፣ የመስመሩ ኩርባ፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ወለል ብሎ ታየ። በዘመኑ ይታተም የነበረው ቀጭንና ፈዛዛ ፊደል ምን እንደጎደለው ማንም ሳይነግራቸው አዩት።

አድማጮቹ መካከል ሞሪስ ነበር። ከዎከር ጋር አብረው ወደ ቤት ሲመለሱ አዲስ የፊደል ቅርጽ እንሥራ አለው። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ቬኒስ ውስጥ ያትም የነበረው የኒኮላ ዣንሶን ፊደል በፎቶ ጎልቶ ቀረበለት። በላዩ ላይ ደጋግሞ ሣለ፤ መንፈሱን ከያዘ በኋላ የራሱን ቅርጽ አወጣ። ኬልምስኮት የተባለው የሞሪስ ማተሚያ ቤት በ1891 ሥራ ጀመረ።

ማዕዘን፣ የሠሪው ስም ይጻፍ ስላልክ አንድ ስም ልጨምርልህ፤ ኤድዋርድ ፕሪንስ። የሞሪስን ንድፍ ፊደል በፊደል ብረት ላይ የቀረጸው እሱ ነው። በኋላ ኮብደን ሳንደርሰንና ዎከር ላቋቋሙት ለዳቭስ ማተሚያ ቤትም የቀረጸው እሱ ነው። ያለ እሱ እጅ እነዚያ ቆንጆ ገጾች ወረቀት ላይ የቀሩ ሥዕሎች ነበሩ። ስሙን የሚያነሣው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄ አለኝ

ሁላችሁም አንድ ወገን ያዛችሁ። እኔ ደግሞ ሌላውን ወገን ልያዝ፤ ማድመቂያ አይደለም፣ ከልቤ ነው።

የጥበብ ሐያሲው ጆን ራስኪን አናጺ አልነበረም። ድንጋይም አልጠረበም። ሆኖም ስለ ጎቲክ ሕንፃ (የአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን የሕንፃ ስልት) የጻፈው ምዕራፍ ሞሪስን የለወጠው ነው። ሠራተኛው የሚያስብ ሰው ሆኖ ሲሠራና እንደ መሣሪያ ሲታዘዝ ያለውን ልዩነት ከሱ በላይ ያስረዳ ማን ነው? ያ ምዕራፍ በ1854 የለንደን የሠራተኞች ኮሌጅ ሲከፈት በትንሽ መጽሐፍ መልክ ለሰዎች ታድሏል። ራስኪን ራሱም እዚያ ለሠራተኞች በምሽት ሥዕል ያስተምር ነበር።

በ1864 ደግሞ የብራድፎርድ ከተማ ነጋዴዎች ሊሠሩ ስላሰቡት የሱፍ ገበያ ሕንፃ እንዲናገር ጠሩት። የትኛው ስታይል ያምራል ብሎ እንዲመክራቸው ጠብቀው ነበር። ቆመና ስለ ሕንፃችሁ ግድ የለኝም፣ እናንተም ግድ ስለሌላችሁ አላቸው! ሰው የሚሠራው የሚወደውንና የሚያመልከውን ነው፤ ስታይል ብቻውን በገንዘብ አይገዛም ነበር መልእክቱ። እነሱ ግን ሕንፃውን ራስኪን ሲያወድሰው በኖረው በቬኒስ ጎቲክ አምሳል ሠሩት።

አንድ ጠራቢ ይህን ሊናገር ይችል ነበር? ከውጭ ሆኖ የሚያይ ዐይንም ያስፈልጋል።

ማዕዘን

@ጥያቄ አለኝ፣ ጥሩ ነገር አነሣህ። የራስኪንን ቦታ አልነፍገውም። ግን የብራድፎርዱን ታሪክ ራስህ ጨርሰኸዋል። ሰዎቹ ሰሙ፣ አጨበጨቡም ይሆናል፣ ከዚያ የፊቱን ገጽታ ብቻ ወሰዱ። ሐሳቡ እጅ ላይ ሳይደርስ ሲቀር እንዲህ ይሆናል። የዎከር ንግግር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ማተሚያ ቤት ወለደ። ልዩነቱ የተናጋሪው ችሎታ ነው አልልም። አንዱ የሚነካ ነገር አሳየ፣ ሌላው ወቀሳ ሰጠ።

ቀለም ወዳድ

እኔ ስለ ሪካርዶ ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ከአምስቱ ንግግሮች ለከተማ ነዋሪ በጣም የሚቀርበው የሱ ነው።

የዚያን ጊዜዋ ለንደን የከሰል ጭስ ከተማ ነበረች። አርክቴክቶቹ የሕንፃውን ፊት በድንጋይ ቅርጽና በጥላ ያሳምሩ ነበር። ጥቀርሻው ግን ሁሉንም ያጠቁረዋል። ሁሉም ከጠቆረ ጥላው ከየት ይታይ? ሪካርዶ ታዲያ በጥላ መጫወቱን ትተን በቀለም እንጫወት አለ። የተለበጠ ጡብና የተለበጠ ሸክላ እንጠቀም። ፊቱ እንደ መስታወት ለስላሳ ስለሆነ ጥቀርሻ አይዋጠውም፤ ዝናብ ያጥበዋል። ቀለሙም አብሮ የተተኮሰ ስለሆነ አይለቅም። ተናግሮም አልቀረ። ከ1905 እስከ 1907 ለንደን አዲሰን መንገድ ላይ ለአንድ የሱቅ ባለቤት ቤት ሠራ። ውጪው በአረንጓዴና በሰማያዊ የተለበጠ ጡብ ነው። ውስጡ የሸክላ ሠሪው የዊልያም ደ ሞርጋን ሸክላዎች አሉበት። ቤቱ ዛሬም ቆሟል።

ልብ በሉ፤ ሪካርዶ ከደ ሞርጋን ጋር ለዓመታት በሽርክና ሠርቷል። ሸክላው እቶን ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ የትኛው ሰማያዊ እንደሚጸና ከቅርብ ያውቃል። ስለዚህ ስለ ከተማ ቀለም ሲናገር ምኞት አልነበረም። ማዕዘን የሚለው "ሠሪው ይናገር" ትርጉሙ ለእኔ ይኼ ነው። ሐሳቡን ወደ ዕቃ የሚያወርድበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይናገር።

ጥልፍ

አንድ ነገር ሳታዩ አለፋችሁ። የ1896ቱ አምስት ተናጋሪዎች በሙሉ ወንዶች ናቸው። በዐውደ ርእዩ ላይ ግን የሴቶች ሥራ ሞልቶ ነበር።

ሜይ ሞሪስን ውሰዱ። በ1885 በሃያ ሦስት ዓመቷ የአባቷን ድርጅት የጥልፍ ክፍል መምራት ጀመረች። ነድፋለች፣ ጠልፋለች፣ አስተምራለች። አርት ወርከርስ ጊልድ የሚባለው ሌላ የሙያተኞች ማኅበር ሴቶችን አላስገባም ሲል በ1907 የሴቶች የጥበብ ማኅበር ካቋቋሙት መካከል ዋናዋ እሷ ናት። ከ1909 እስከ 1910 ደግሞ አሜሪካ ተዘዋውራ ስለ ጥልፍ፣ ስለ ጌጣጌጥና ስለ ንድፍ ተናግራለች። መድረክ ሲሰጣት የምትለው ነበራት ማለት ነው።

እና ማዕዘን፣ "ሠሪው" ስትል በሐሳብህ የሚመጣው መዶሻ የያዘ ወንድ ብቻ እንዳይሆን አደራ። መርፌም፣ መሸመኛም፣ እቶንም አለ። ተጋባዦቻችሁን ስትመርጡ ከመጀመሪያው አስቡበት። በስተመጨረሻ አንዲት ሴት እንጨምር ማለት አያምርም።

ሜዳው

እኔ ጌጥ ላይ ጥያቄ አለኝ። አርክቴክቱ አዶልፍ ሎስ በ1910 ቪየና ላይ በሰጠው ንግግር ጌጥ የጉልበትም፣ የዕቃም፣ የጊዜም ብክነት ነው ብሏል። ሠራተኛው ለአንድ ጌጥ ሰዓታት ያፈስሳል፤ ፋሽኑ ሲያልፍ ዕቃው ገና ሳያረጅ ይጣላል። እውነት አለው። በእጅ የተጠረዘ መጽሐፍ፣ በእጅ የተጠለፈ መጋረጃ ማን ይገዛል? ባለጸጋ። ሞሪስ ጥበብ ለጥቂቶች እንዲሆን አልፈልግም እያለ ዕቃዎቹ ግን የጥቂቶች ነበሩ።

በ1901 ደግሞ አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ቺካጎ ውስጥ ሃል ሃውስ ላይ ተናግሯል። ሃል ሃውስ ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር ለሠራተኛውና ለስደተኛው የከፈቱት ቤት ነው። ቦታው ራሱ የቺካጎ አርትስ ኤንድ ክራፍትስ ማኅበር የተመሠረተበት ነው፤ ስታርም ለንደን ሄዳ ከኮብደን ሳንደርሰን ጥረዛ ተምራለች። በዚያ ቤት ቆሞ ነው ራይት ማሽን ጠላት አይደለም ያለው። የእንጨት ሥራ ማሽን የድሮ ቅርጻ ቅርጽን ከኮረጀ ያስጠላል፤ ቀጥ ያለና ንጹሕ መስመር እንዲያወጣ ከተደረገ ግን የእንጨቱን ውበት ያወጣል፣ ድሃውም ይደርሰዋል። የእናንተ ተከታታይ ለማሽን አንድ ምሽት አይሰጥም?

አናጺው

@ሜዳው እኔ በማሽን ነው የምሠራው። መላጊያ ማሽን ባይኖር ወገቤ አያነሣኝም ነበር። ራይት ልክ ነው። ሎስም ቢሆን ጨካኝ አልነበረም። ያው ንግግር ውስጥ ስለ ጫማ ሰሪው የሚለውን አንብበው። ጫማውን ያለ ጌጥ ሥራ ብለው የሰውየውን ደስታ እወስድበታለሁ፤ ስለዚህ ጌጡን እቀበላለሁ ይላል። ስለ ሠሪው ደስታ ያሰበ ሰው ነው።

ደግሞ የሎስን ቪየና ያለውን ሕንፃ ተመልከት። ላዩ ልሙጥ ነው፣ ታቹ ግን ውድ እብነ በረድ ነው። ድንጋዩን የሰነጠቀውና በላዩ ያሉትን መስመሮች ያገጣጠመው ሰው እጅ አልጠፋም። በ1911 ሕዝቡና ማዘጋጃ ቤቱ ሲነሡበት አዳራሽ ይዞ ሥራውን በንግግር ተከላከለ። ይኼም ለተከታታዩ ይሆናል፤ አንድ አርክቴክት ስለ አንድ አወዛጋቢ ሕንፃ ለነዋሪው መልስ የሚሰጥበት ምሽት።

ድንጋይ ጠራቢ

ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ ሳነብ ነበር። እኔም የማውቀውን ላዋጣ።

ብዙ የሕንፃ ድንጋይ ደለል ሆኖ ንብርብር በንብርብር የተሠራ ነው። መሬት ውስጥ ተኝቶ ነበር። እኛም ግድግዳ ላይ እንደ ተኛበት አድርገን እናስተኛዋለን። ንብርብሩ ወደ ፊት ዞሮ ከቆመ ውሃ ይገባበታል፣ ቅዝቃዜ ይሰነጥቀዋል፣ ከዓመታት በኋላ ፊቱ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ቅስት ላይና ወደ ውጭ በወጣ ኮርኒስ ላይ ግን አቀማመጡ ይለያል። መንገድ ላይ ስትሄዱ የተላጠ ድንጋይ ካያችሁ፣ ጎኑ ያለው ደህና ከሆነ፣ አቀማመጡ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

የመስኮት ደፍ ታች እጃችሁን ብትሰዱ ቀጭን ቦይ ታገኛላችሁ። ውሃው ወደ ግድግዳው ተመልሶ እንዳይሄድ እዚያ ጋ እንዲንጠባጠብ ነው። ኮርኒስም ዋና ሥራው ዝናብን ከፊት ማራቅ ነው። ጌጡ ከሥራው ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ሎስ የተባለውም ሰው ይህን ጌጥ ብክነት የሚለው አይመስለኝም።

በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ አሮጌ የኖራ ግንብን በሲሚንቶ መጠገን ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፤ እርጥበቱን ያስወጣል። ሲሚንቶ ደረቅ ነው፤ መገጣጠሚያውን ይደፍነዋል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ድንጋዩን ይበላዋል። ጠጋኙ መልካም ያደረገ መስሎት ሕንፃውን ይገድላል። ሞሪስ በ1877 የጥንት ሕንፃዎች መጠበቂያ ማኅበር ሲያቋቁም ትግሉ እንዲህ በመልካም ሐሳብ ከሚያጠፋ ጥገና ጋር ነበር፤ በእድሳት ስም አሮጌውን ፍቆ አዲስ ማስመሰልን ነው የተቃወመው። በየቀኑ መከታተልና መጠገን ይበቃል ባዮች ነበሩ።

ንግግር ላይ ግን እኔን አታስጨንቁኝ። መሮ እንጂ ማይክ አልያዝኩም።

ጥያቄ አለኝ

ጋሽ ጠራቢ፣ አሁን የጻፉት ራሱ ንግግር ነው! እኔ እጄን ሰጥቻለሁ ማለት ይቻላል። ግን ያነሡት ችግር እውነተኛ ነው። ብዙ ሠሪ ሰው ፊት ቆሞ ለአንድ ሰዓት መናገር አይሆንለትም። ስለዚህ ለብቻቸው አይቁሙ። አንድ ጠያቂ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ምሁሩም፣ ጸሐፊውም በዚህ ቦታ ይግባ። እሱ ይጠይቅ፣ ሠሪው እየሠራ ይመልስ። ጠያቂው ደግሞ አድማጩ ያልገባውን "ይቺ ምንድን ናት? ለምን እንዲህ ሆነ?" እያለ ያስቆመው። ካሜራ እጁ ላይ ይሁን፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው በፕሮጀክተር ያያል። ዎከር በፋኖስ ያደረገውን ዛሬ በስልክ ማድረግ ይቻላል።

ጥልፍ

በዚህ እስማማለሁ። ሰዓቱን ግን አትርሱ። በለንደን ሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም በ1850ዎቹ መጨረሻ ላይ የጋዝ መብራት ያስገባው ሠራተኛው ከሥራ መልስ ምሽት ላይ መጥቶ እንዲያይ ነው። ከዚያም በፊት በ1800 ጆርጅ በርክቤክ ግላስጎ ላይ ለመካኒኮች በነጻ ማስተማር ጀምሮ ነበር። ቀን ላይ የሚደረግ ንግግር የሚመለከታቸውን ሰዎች በር ላይ ያስቀራል።

ሌላው ደግሞ ከአዳራሽ መውጣት ነው። የከተማ ዕቅድ አሳቢው ፓትሪክ ጌዴስ በ1892 ኤዲንብራ ውስጥ አንድ ግንብ ያዘ። ሰዎችን በመጀመሪያ ጣሪያው ላይ አውጥቶ ከተማቸውን ያሳያቸዋል። ከዚያ ፎቅ በፎቅ እያወረደ ስለ ከተማዋ፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ዓለም ያስረዳቸዋል። ንግግሩ የሚጀምረው ከማየት ነው።

ማዕዘን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጓደኞቼ የማቀርበው አሁን ተስተካክሎልኛል። በመጀመሪያው ምሽት አናጺው በሩን ይበትናል። በሁለተኛው ጥልፍ ወይም ሽመና፣ ሠሪዋ መሣሪያዋን ይዛ። ከዚያ ሸክላና ቀለም። አንድ ምሽት ማሽን፣ ሜዳው ጠያቂ ሆኖ። አንድ ምሽት አንድ አወዛጋቢ ሕንፃና አርክቴክቱ። ድንጋይ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ በአዳራሽ ሳይሆን በመንገድ ላይ፣ በእግር። በየፖስተሩ ላይ የሠሪዎቹ ስም ከጠያቂው ስም እኩል በሆነ ፊደል ይጻፋል፤ በዚህ አልደራደርም።

ጋሽ ጠራቢ፣ የእግር ጉዞው ላይ ይመጣሉ?

ድንጋይ ጠራቢ

እግር ከሆነ እመጣለሁ። ማይክ የለም ብላችሁኛል። ሰዎቹ ከሃያ አይብለጡ፤ ከዚያ በላይ ከሆኑ ከኋላ ያለው አይሰማም፣ ድንጋዩንም መንካት አይደርሰውም። ጠዋት ይሁን፤ ፀሐይ ከጎን ስትመታው የመሮው ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ግን ሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ይመስላል። ትንሽ የውሃ ጠርሙስም ያዙ፤ ድንጋይ ሲረጥብ ንብርብሩ ይወጣል።